በእናቴ አልጋ ሥር ያስቀመጥነው ጨው

ወንድሜ ከኩባ ሲመለስ የያዘው አንድ ሻንጣና አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር። ባለ ታክሲው ሻንጣውን መንገድ ዳር ሲጥልለት ዞር ብሎም አላየው፤ ሳጥኑን ግን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ በጭቃው መሀል እግሩ የሚያርፍበትን እየመረጠ ደጃፋችን ደረሰ። እኔ ያኔ አፌ የማያርፍ የካዛንችስ ልጅ ነበርኩ። «ሕፃን ነው እንዴ የታቀፈው?» አልኩና እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

አባታችን በምሥራቁ ጦርነት ሲሞት ወንድሜ የወተት ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም፤ እኔ ደግሞ ገና በእናቴ ጀርባ የምታዘል ነበርኩ። በዚያ ጊዜ መንግሥት አባቶቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ሰብስቦ በመርከብ ወደ ኩባ ለትምህርት ይልክ ነበርና እሱም ሄደ። ስለዚህ ወንድሜን የማውቀው ቡፌው ላይ ከቆመች አንዲት ፎቶ ነው። የፎቶውን ልጅ ስጠብቅ ጢማም ረጅም ሰውዬ መጣ። አማርኛው ይደናቀፋል፤ እናቱን እንደ ባዕድ «እርስዎ» ይላል፤ እሷ ስታጎርሰው አፉን መክፈት ይረሳል፤ ሲደነግጥ በስፓኒሽ ይጮሃል።

ሳጥኑ ውስጥ ሲጋሮች ነበሩ። ባደገበት ደሴት ላይ የትምህርት ቤታቸውን ምግብ የምታበስል ሴት ነበረች፤ ባሏ ደግሞ ትምባሆ የሚጠቀልል ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስቱ ይህን አልቃሻ ኢትዮጵያዊ ልጅ አንድ የበዓል ቀን ቤታቸው ወሰዱት። ከዚያ በየሳምንቱ ይወስዱት ጀመር፤ ውሎ አድሮ ወንድሜ ሽማግሌውን «አብዌሎ» ማለት ጀመረ፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲነሣ አብዌሎው ሳጥኑን በገዛ እጁ ሠራለት፤ ሲጋሮቹንም በገዛ እጁ ጠቅልሎ ሞላለትና «የበኩር ልጅህ በተወለደ ቀን ታጨሳለህ፤ ከዚያ በፊት እንዳታስበው» አለው። ወንድሜ አገሩ በገባ በዓመቱ ሽማግሌው መሞቱን ሰማን። ከእንግዲህ በዚያ እጅ የተጠቀለለ ሲጋር ያለው የእኛ ቡፌ ላይ ብቻ ሆነ።

የትምባሆ ቅጠል ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል ይላል ወንድሜ። አየሩ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ሽታው ይጠፋል፤ አየሩ ሲረጥብ ይሻግታል። ለዚህ ነው በሳጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የእጅ ሰዓት የምታህል፣ ጠርዟ ነሐስ የሆነ የእርጥበት መለኪያ የተሰካችው። አንዲት ቀጭን መርፌ አለቻት፤ ያቺ መርፌ ከመቶ ሰባ አካባቢ መቆም አለባት። የእኛ የበጋ አየር ደግሞ ከንፈር የሚሰነጥቅ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ለገሃር አካባቢ ካሉ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች የተጣራ የባትሪ ውሃ እየገዛ፣ በክዳኑ ጥግ ያለውን ስፖንጅ ያርሳል። «ልጄን የመኪና ውሃ የሚጠጣ ዕቃ አሸክመው ሰደዱት» ትል ነበር እናቴ። ማንም ክዳኑን ከፍቶ ትንሽ ከቆየ ወንድሜ ካለበት ሆኖ «ክደኑት!» ይላል። ሳይደናቀፍ የተናገራት የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃሉ እሷ ትመስለኛለች።

እናቴ ግን ሳጥኑን አንድ ቀንም ከፍታ አላየችም። አቧራውን ትወለውላለች፣ ዳንቴል ታለብሰዋለች፣ በቃ። ስለ ደሴቱም አትጠይቅም። ያኔ ንቀት ይመስለኝና እናደድባት ነበር። አሁን ሳስበው ፈርታ ነው። ልጇ «እዚያ መከራ አየሁ» ቢላት አትችለውም፤ «ደልቶኝ ነበር» ቢላትም አትችለውም።

ዓመታት አለፉ። ወንድሜ ሥራ ያዘ፣ አማርኛው ተቃና፣ ዘግይቶም ቢሆን አገባ። ሚስቱ እኛው ቤት ገባች፤ አረገዘችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ነው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው።

አንድ የጥር ከሰዓት «ነይ እስቲ፣ ስሚ» ብሎ ጠራኝ። ከሲጋሮቹ አንዱን ጆሮዬ ሥር አምጥቶ በሁለት ጣቱ ለዘብ አድርጎ ጨመቀው። ኮሽ አለ። የደረቀ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማው ድምፅ ነው። መርፌዋን አየናት፤ ሰባ ላይ ቆማለች። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና መስተዋቷን በጥፍሬ ቆረቆርኳት። መርፌዋ ዘለለች፤ ተወዛውዛም ሌላ ቦታ ሄዳ ቆመች።

«ተጣብቃ ነበር!» አልኩ።

ከመቼ ጀምሮ ተጣብቃ እንደኖረች ማን ያውቃል? ወንድሜ ሲጋሮቹን አንድ በአንድ እያነሣ አያቸው። የበዙት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰነጣጥቀዋል። ደህና የሚባሉት ጥቂት ናቸው።

«ሁለት ከተረፈልኝ ይበቃኛል» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ግን የግድ ነው።»

«አንዱስ ያንተ ነው ጋሼ። ሁለተኛው የማን ነው?»

«የሰው ነው።»

የአማቱ መሰለኝ። ልጁ የሚወለደው ክረምቱ ሲገባ ነው። እስከዚያ ሁለት ሲጋር በሕይወት ማቆየት አለብን፤ የምንመራባት መርፌ ደግሞ ውሸታም ናት።

እኔ ያኔ እዚያው ካዛንችስ አንድ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ እሠራ ነበር። ኮኔክሽኑ ቀርፋፋ በመሆኑ ሰው አንድ ገጽ እስኪከፈትለት ሻይ አዝዞ ጠጥቶ ይጨርስ ነበር። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የእርጥበት መለኪያ እንዴት እንደሚስተካከል ፈለግሁ። ያገኘሁትን ሳነብ ቀልድ መሰለኝ። የወጥ ጨው በትንሽ ክዳን ላይ አድርግ፤ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ውሃ ጠብ ጠብ አድርግበት፤ ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ዘግተህ አሳድረው፤ በማግሥቱ መርፌው ሰባ አምስት ላይ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ አዙረህ እዚያ አቁመው ይላል።

ጨው! የትኛውም ጨው፣ የትም አገር። የሳቅኩት ለአንድ አፍታ ነው፤ ከዚያ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውሃ እንኳን ደንቡን ለውጦ ቶሎ ይፈላል፤ ስታዲየም ሊጫወቱ የሚመጡ እንግዶች ሩብ ሰዓት ሳይሮጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጨው ግን የትም ይሁን የት፣ እርጥብ ሆኖ ከተዘጋበት በዙሪያው ያለውን አየር ወደ አንድ ልክ ያመጣዋል። አየሩ ቢደርቅ ከራሱ ውሃ ይለቅለታል፤ ቢረጥብ ይወስድበታል። እናቴ በእፍኟ ዘግና ወጥ ውስጥ የምትበትነው ነገር ይህን ሁሉ ያውቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ አንድ ደንበኛ «እህት፣ ደኅና ነሽ?» ብሎኛል።

ማታውኑ ሠራነው። የለስላሳ ቆርኪ፣ ጨው፣ ጥቂት የባትሪ ውሃ። መለኪያዋን ከክዳኑ ነቅለን ከቆርኪው ጋር የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተትናትና በፕላስተር አሸግነው። ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ያስፈልጋል ስለሚል አሰብን። የእኛ ቤት ቆርቆሮው ቀን እንደ ምድጃ ይግላል፤ ማታ ይበርዳል። ከቤቱ ሁሉ የማይግለውም የማይበርደውም የእናቴ አልጋ ሥር ነው። እሷ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለነበር ዝም ብለን አስገባነው። ለሳጥኑ ነገር ያላትን ፊት ስለምናውቅም ስትመለስ አልነገርናትም።

በማግሥቱ ማታ ጣሳውን ስንከፍት ፕላስተሩ ትንሽ የተጨማደደ መሰለኝ፤ ልብ አላልኩትም። ቆርኪው ውስጥ ጨው የሚባል የለም፤ ውሃ ሞልቶበታል፤ የጣሳው ግርጌም ረጥቧል። መርፌዋ ዘጠናን አልፋ ሄዳለች።

«ጨው ውሃ ይስባል አላልኩህም?» አልኩ በአዋቂ ድምፅ። ወንድሜ በመነጽር መፍቻ ካቻቢቴ ከመለኪያዋ ጀርባ ያለችውን ብሎን አዞረና መርፌዋን ከዘጠና ወዲያ ጎትቶ ሰባ አምስት ላይ አቆማት። ተጨባበጥን። ሳጥኑ ውስጥ መልሰን ስንሰካት በጣም ዝቅ ብላ ቆመች፤ እሱም ሰባ እስክትደርስ ድረስ ስፖንጁን በየቀኑ ያርስ ጀመር።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ሳጥኑን ከፍቶ ቆሞ ቀረ። ቀርቤ አየሁ። ከደህናዎቹ አንዱ አብጦ ተተርትሯል፤ ቆዳው ላይ ነጭ ሻጋታ ወጥቶበታል። ሁለቱን ፈጥኖ ለይቶ በጨርቅ ጠረጋቸው፤ ለስልሰዋል፣ ገና አልሻገቱም። ሁለት። ከእነሱ ሌላ የለም። ወንድሜ የሻገተውን ጋዜጣ ላይ አስቀምጦ አጠገቡ ተቀመጠ። እንዲህ ሆኖ ያየሁት አብዌሎው መሞቱን የሰማ ዕለት ነው።

«መርፌዋ እኮ ሰባ ነው የምትለው» አልኩ። «በጨው አስተካክለናት የለም እንዴ? ማለቴ፣ ጨው ሊዋሽ ነው?»

እናቴ ከጓዳ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማን ነበር። ቢላዋዋን እንደያዘች በር ላይ ብቅ አለች።

«የምን ጨው?»

«ተይው እማዬ፣ የሥራ ነገር ነው።»

«በቆርኪ የተደረገች?» አለች ቀስ ብላ። «በጣሳ የታሸገች?»

ሁለታችንም ዞርን። ወንድሜ «እንዴት አወቁ?» አላት።

እናቴ ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ አፈነዳችው። «ታዲያ ሰው አልጋ ሥር ጨው ያስቀምጣል? ልጠርግ ጎንበስ ብል ጣሳ! ብከፍተው ጨው በቆርኪ፣ አጠገቡ መርፌ ያለባት የቆመች ሰዓት! ምራቴ ነፍሰ ጡር፣ ሆዷ ገና መታየቱ! መተት ነው እንጂ ምን ልበል?»

«እና ምን አደረግሽው?» አልኳት።

«ምን አደርገዋለሁ? ልጥለው ብል ፈራሁ፤ ላወራው ብል እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። የቂርቆስን ጠበል አምጥቼ ደህና አድርጌ ረጨሁበትና መልሼ አሸግሁት።»

ወንድሜ መጀመሪያ አልገባውም፤ መተት የሚለውን ቃል መተርጎም ነበረብኝ። ሲገባው ፊቱ ተኮማተረ፤ የሚያለቅስ መሰለኝ። ሳቅ ነበር። እየሳቀ በስፓኒሽ የሆነ ነገር ይለፈልፋል፤ ሚስቱ ሆዷን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። እናቴ እንዳልተቆጣ ስታይ እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፈቀፈቅ ጀመር። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጠበሉ ጨውን ሁሉ አሟሙቶታል። ውሃው በዝቶ ጨው ሳይተርፍ ሲቀር ልኩ ይጠፋል፤ መርፌዋ ያየችው እውነተኛ ዘጠና ነበር። ልክ ያየችውን እኛ ተሳስተሻል ብለን አጣመምናት።

«እንደገና እንሥራው» አለ ወንድሜ። «እናቴም ይዩ።»

በዚህኛው ጊዜ ጨዉን ከማሰሮዋ የዘገነችው ራሷ እናቴ ናት። ውሃውን ጠብ ጠብ ሳደርግ «በቃ፣ በቃ፣ ሊጥ አታድርጊው» ትለኛለች። እርጥብ አሸዋ ሲመስል አቆምን። ጣሳውን ስናሽግ አማተበችበትና በገዛ እጇ አልጋዋ ሥር አስገባችው።

«ይሄ ጨው አሁን ምን ያደርጋል?» አለችኝ። እንደገባኝ ነገርኳት፤ የደረቀውን እንደሚያረጥብ፣ የረጠበውን እንደሚያደርቅ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንደሚቆም።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«እዚያም?» አለች። አገሩን በስሙ አትጠራውም ነበር።

«እዚያም እማዬ። ኩባም ቢሆን።»

ወንድሜ ያን ጊዜ ለራሱ የሚናገር ያህል «እዚያ ጨው ከዕቃው አይወርድም ነበር፤ አየሩ ስለሚያረጥበው ይጋገራል። አብዌሎ ሩዝ ይጨምርበት ነበር» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። ከተመለሰ ጀምሮ ያልጠየቀችውን ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። የጠየቀችው ይህን ነው፦ «ታዲያ ልብስህስ? ልብስህ ይደርቅልህ ነበር?»

«አይደርቅም ነበር። እርጥቡን ነበር የምንለብሰው።»

«እርጥቡን? ብርድ አልመታህም?»

«አይበርድም እዚያ። ይሞቃል።»

«ማን ነበር የሚያጥብልህ?»

እሷ ስትጠይቅ፣ እሱ ሲመልስላት፣ እኔና ሚስቱ ተያይተን ወደ ጓዳ ገባን። የተተወውን ሽንኩርት እኔ ላጥኩት። ዓይኔ ያለቀሰው በሽንኩርቱ ብቻ አይደለም።

በማግሥቱ ጣሳውን የከፈተችው እናቴ ናት። ቆርኪው እንዳስቀመጥነው ነው፤ መርፌዋ ግን ስልሳ እንኳን አልደረሰችም፤ ያን ያህል ነበር ያጣመምናት። ወንድሜ ብሎኗን አዙሮ ሰባ አምስት ላይ አቆማት። እኔ አላመንኩምና አንድ ቀን ደግመን አሳደርናት። ስንከፍታት ቀጥ ብላ ሰባ አምስት ላይ ቆማለች፤ ወደዚህም ወደዚያም የለም። አራታችን ጣሳዋ ላይ ተደፍተን ቆየን። ካዛንችስ ውስጥ፣ ከንፈር በሚሰነጥቅ በጋ፣ በወተት ጣሳ ውስጥ ከዚያ ሁሉ ባሕር ወዲያ ያለ አየር ተቀምጦ ነበር። የሠራውም የእናቴ ማሰሮ ጨው ነው። ዛሬም ሳስታውሰው ያው ነው የሚሰማኝ፤ መገረም ከፍርሃት ጋር።

ሁለቱ ሲጋሮች ስፖንጁ ወጥቶላቸው ቀስ ብለው ደረቁ፤ ከዚያ ሰባ ላይ ቆዩ። ሻጋታ አልነካቸውም።

ልጅቷ በሰኔ ተወለደች። በዚያው ዕለት ከሆስፒታል ወደ ቤት ሲመጡ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ወንድሜ ሳጥኑን ከፈተና አንዱን ሲጋር አምጥቶ ጆሮዬ ሥር ጨመቀው። ምንም ድምፅ የለም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ «አለ፣ ይተነፍሳል» አልኩት። ውጪ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ቆሞ አጨሰው። ዝናቡን እያየ፣ ሳይቸኩል፣ አንዳንዴ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ማንን እንደሚያናግር ስለማውቅ አልተጠጋሁትም።

ሲመለስ ሁለተኛውን ለአማቱ የሚወስድ መስሎኝ ጃንጥላ አቀበልኩት። አልተቀበለኝም። ሳጥኑን ከነሲጋሩ አንሥቶ ሕፃኗን ታቅፋ ወደተቀመጠችው እናቴ ሄደና እግሯ ሥር በርከክ አለ።

«ይሄኛው የእርስዎ ነው» አላት።

«እኔ አላጨስ! ምን ላደርገው?»

«አብዌሎ ነው የላከልዎት። ‹ልጅ ስትወልድ፣ እናትህ አንተን መርከብ ላይ ስታሳፍር ምን እንደሰጠች ያን ቀን ይገባሃል፤ ያን ቀን ይህችን ስጣት፣ ለእሷ ነው የጠቀለልኳት› ብሎኛል። ዛሬ ገባኝ።»

እናቴ ሕፃኗን ለእኔ አቀበለችኝ። እጆቿን በቀሚሷ ጠረገች። ወንድሜ ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላትና ክዳኑን ከፈተው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ አየች። ሲጋሩን አልነካችውም፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን ከነነጠላዋ ሳጥኑ ውስጥ አስገባች፤ አሸተተች፤ ቀና አላለችም።

«እዚህ ነበርክ ለካ» አለች ከውስጥ። «ልጄ፣ እዚህ ነበርክ ለካ።»

እኔ የማየው ክዳኑ ላይ ያለችውን መርፌ ነበር። በእናቴ ትንፋሽ ቀስ እያለች ከሰባ ተነሥታ ወደ ላይ ትወጣለች። ወንድሜም አያት። ሳጥኑ ለረጅም ጊዜ እንደተከፈተ ቆየ፤ «ክደኑት» ያለ ሰው ግን አልነበረም።